«ማህተም ለማስመታት ብቻ ነው»

ሥራዬ ሰነድ መጻፍ ነው። ውል፣ ውክልና፣ የስጦታ ሰነድ፣ የማኅበር መመሥረቻ ጽሑፍ፣ የውክልና መሻሪያ፤ ጠዋት ከተቀመጥኩ እስከ ማታ ጣቴ ከኪቦርድ ላይ አይነሳም። ደንበኛ ገብቶ ወንበር ሲስብ ቀድሞ የሚላትን ነገር በቃሌ ይዣታለሁ። «ቶሎ በልልኝ እባክህ፣ ማህተም ለማስመታት ብቻ ነው።»

ይህቺ «ብቻ» ታንገበግበኛለች። ምክንያቱም ቤት የሚያህል ነገር፣ የአንድ ቤተሰብ የዕድሜ ልክ ልፋት፣ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው የሚሄደው በዚያች ወረቀት ነው። ሰው ስልክ ሲገዛ ሳጥኑን ከፍቶ፣ አገላብጦ፣ ቻርጀሩን ሰክቶ ነው የሚገዛው። ውክልና ሲሰጥ ግን የመጨረሻው ገጽ ላይ «የት ጋ ነው የምፈርመው?» ብሎ ይፈርማል።

ስለዚህ ዛሬ ስለ ሰነድ ማረጋገጥ ሕግ ትንሽ ልጻፍ አልኩ። እኛ «ውልና ማስረጃ» እያልን የምንጠራው፣ በሕጉ ስሙ የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ የሚባለው ነገር ማለቴ ነው። ጠበቃ አይደለሁም። ግን ከወረቀቱ ጋር ውዬ አድራለሁ፤ ወረቀት ያበላሸውን ቤተሰብም በዓይኔ አይቻለሁ። አንዱ የራሴ ቤተሰብ ነው።

አጎቴ ቤት የገዛው በመንደር ውል ነበር። ደላላው ጻፈ፣ ሁለት ሽማግሌዎች በምስክርነት ፈረሙ፣ ብሩ በላስቲክ ታስሮ ተቆጠረ፣ ተመራርቀው ተለያዩ። ሻጩ የታወቀ ሰው ነው፣ ጎረቤት ነው፣ ዕድርም አብረው ናቸው። «በመካከላችን ውልና ማስረጃ መሄድ መጠራጠር ነው» ተባለ። አጎቴም አመነ። ለዓመታት ኖረበት፣ ጣሪያውን ቀየረ፣ ግቢው ውስጥ አቮካዶ ተከለ። የቤት ዋጋ ሰማይ ሲነካ ሻጩ ፍርድ ቤት ሄደና ውሉ በሕግ ፊት አይጸናም አለ።

አጎቴ ሳቀ። ፊርማው አለ፣ ምስክሮቹም በሕይወት አሉ፣ ታዲያ ምን ይመጣል?

የመጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1723 ነው። ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ድንጋጌ ነው። የማይንቀሳቀስ ንብረትን ባለቤትነት የሚያስተላልፍ ውል በጽሑፍ መሆን አለበት፤ በጽሑፍ መሆኑ ብቻም አይበቃም፣ በፍርድ ቤት ወይም በአዋዋይ፣ ማለትም ሰነድ በሚያረጋግጥ ሰው፣ ዘንድ መመዝገብ አለበት ይላል። ሕጉ አንድን ውል እንዲህ ባለ የተለየ ሥርዓት አድርጉት ብሎ ካዘዘና ሥርዓቱ ካልተጠበቀ ደግሞ አንቀጽ 1720 ይመጣል። በእጅህ ያለው ውል አይደለም፣ ረቂቅ ነው ይልሃል። ረቂቅ! ሰው ልጅ ያሳደገበት ቤት ወረቀት ረቂቅ ነው ሲባል መስማት ምን እንደሚመስል እኔ አጎቴ ፊት ላይ አይቼዋለሁ። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎትም በ1999 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 21448 በሰጠው ውሳኔ ይህንኑ ነው ያጠበቀው፤ በአዋዋይ ወይም በፍርድ ቤት ያልተመዘገበ የቤት ሽያጭ ውል አይጸናም። በኋላ የመጡ ውሳኔዎች እንደየጉዳዩ ሁኔታ እየለዩ ያዩበት ጊዜ አለ፣ ግን በዚያ ተማምኖ ቤት አይገዛም።

ውሉ ከፈረሰ በኋላ ያለው ነገር ነው ከሁሉም የሚያመው። አንቀጽ 1815 ተዋዋዮቹ በተቻለ መጠን ከውሉ በፊት ወደነበሩበት ይመለሱ ይላል። ሲሰሙት ፍትሐዊ ነው። ሻጭ ቤቱን ይወስዳል፣ ገዢ ብሩን ይወስዳል። ግን የድሮው ብር ዛሬ ያው ቁጥር ነው እንጂ ያው ብር አይደለም። አጎቴ የከፈላትን ተቀበለ። በዚያ ገንዘብ ቤት ቀርቶ የቤቱን አጥር እንኳን አያስሠራም። አቮካዶው እዚያው ቀረ።

በነገራችን ላይ ሁለት ምስክር በቂ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ሕጉ በጽሑፍ ይሁን ላለው ሌላ ውል የተዋዋዮቹ ፊርማና የሁለት ምስክር ፊርማ ይበቃል፣ አንቀጽ 1727 ነው። ሰው ይህንን ሰምቶ ለቤትም የሚበቃው ይመስለዋል። ቤት ግን ሌላ ነው፤ አንዱን ቤት ለሦስት ሰው ሸጦ የሚጠፋ ሰው ባለበት አገር የሽማግሌ ትዝታ ላይ ተማምኖ መቀመጥ አይቻልም።

አሁን ወደ መስኮቱ እንሂድ። የሰነድ ማረጋገጥ ሥራ ዛሬ የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 922/2008 ነው። ከእሱ በፊት አዋጅ ቁጥር 334/1995 ነበር። የፍትሐ ብሔር ሕጉን ያረቀቁት ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ናቸው፤ በእሳቸው አገር ኖታሪ ማለት ቤተሰብ ለውርሱም፣ ለቤቱም፣ ለጋብቻ ውሉም የሚሄድበት ትልቅ የሕግ ባለሙያ ነው። ሕጉን ሳነብ በየቦታው አዋዋይ፣ አዋዋይ የሚለው ለዚህ ይመስለኛል። እኛ ጋ ይህ ሥራ የመንግሥት ባለሙያ ሥራ ሆነ። እሱ ሰውዬ ነው መስኮቱ ላይ ያለው፣ ብዙ ሰው ማህተም መቺ የሚመስለው።

ሥራው ምንድነው? ከሁሉ በፊት ፊት ለፊቱ የቆመው ሰው ራሱ ባለጉዳዩ መሆኑን ማወቅ ነው። መታወቂያ የሚጠየቀው ለዚህ ነው። ቀጥሎ ይህ ሰው ለመፈረም ችሎታ አለው ወይ? ሥልጣን አለው ወይ? የድርጅት ሥራ አስኪያጅ ነኝ ካለ፣ ይህን ንብረት መሸጥ እንደሚችል የሚያሳይ ቃለ ጉባኤ የት አለ? ቤት ወይም ሌላ የባለቤትነት ማስረጃ ያለው ንብረት ከሆነ ደግሞ ካርታው የማን ነው? ባንክ አስይዞታል? ፍርድ ቤት አግዶታል? የሰነዱ ይዘትስ ከሕግና ከሞራል ጋር ይጋጫል? ይህን ሁሉ ካረጋገጠ በኋላ ነው በፊቱ የሚያስፈርመው። ፊርማውን ያያል፣ እሱም ይፈርማል፣ ማህተም ያደርጋል፣ አንድ ቅጂ እዚያው ይቀራል። ሰነዱ መዝገብ ላይ ይገባል። የአንተ ቅጂ ቢቃጠል፣ ቢሰረቅ፣ አይጥ ቢበላው፣ እዚያ አለ።

ሰው የሚማረርበትን ጥያቄ ሁሉ ልብ ብላችሁ እዩት። «ዕዳና እገዳ አስጣርተህ ና»፣ «ባለቤትህ ትምጣ»፣ «ያላገባህ መሆኑን ማስረጃ አምጣ»። ደንበኞቼ በጣም የሚቆጡት በዚህ በሁለተኛውና በሦስተኛው ነው። «ካርታው በስሜ ነው፣ እሷን ምን አገባት?» ይለኛል። አገባት እንጂ! የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ አንቀጽ 68 የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ ለማከራየት፣ በመያዣ ለመስጠት የሁለቱም ባልና ሚስት ስምምነት ያስፈልጋል ይላል። በትዳር ውስጥ የተገዛ ቤት ካርታው ላይ የአንዱ ስም ብቻ ቢጻፍም፣ የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። ያልተስማማው ወገን መሸጡን ባወቀ በ6 ወር፣ ሳያውቅ ቢቆይም ውሉ ከተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ ፍርድ ቤት ሄዶ ውሉን ማስፈረስ ይችላል። እና ያ የሚያናድደው ጥያቄ የሚጠብቀው ሚስትየዋን ብቻ አይደለም። ገዢውንም ነው። ገንዘቡን ከፍሎ፣ ዕቃውን አስገብቶ፣ ከዓመት በኋላ አንዲት ሴት በሩን አንኳኩታ «ይሄ ቤት የኔም ነው» እንዳትለው ነው።

ከሁሉም በላይ ግን መጻፍ የፈለግኩት ስለ ውክልና ነው።

ውክልና መስጠት ማለት «እኔ የሌለሁበት ቦታ እሱ እኔ ነው» ማለት ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ሁለት ዓይነት አለ። ጠቅላላ ውክልና የአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው የሚያሠራው፤ ማስተዳደር፣ ኪራይ መሰብሰብ፣ ዕዳ መክፈል፣ እነዚህን የመሰለ። አንቀጽ 2204 ነው። ከዚያ ያለፈውን ለመሥራት፣ ቤት ለመሸጥ ወይም በመያዣ ለማስያዝ፣ ለመታረቅ፣ ስጦታ ለማድረግ፣ ፍርድ ቤት ቆሞ ለመክሰስም ሆነ ለመከሰስ፣ አንቀጽ 2205 ልዩ ውክልና ያስፈልጋል ይላል። ሕግ አውጪው እዚህ ጋ አስቦበታል። ቤቴን ጠብቅልኝ ያልኩት ሰው ቤቴን እንዳይሸጥብኝ ነው።

እኛ ሰነድ ጸሐፊዎች ግን ምን አደረግን? ኮምፒውተራችን ላይ አንድ የተዘጋጀ ፎርም አለን። «...እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ በስጦታ እንዲሰጥ፣ በመያዣ እንዲያስይዝ፣ እንዲያከራይ፣ ባንክ እንዲያንቀሳቅስ፣ እንዲከስ፣ እንዲከሰስ፣ እንዲታረቅ...» እያለ ይወርዳል። ደንበኛው የመብራት ቆጣሪ በስሙ እንዲያዞርለት ወንድሙን ሊወክል መጥቶ፣ ስሙ ብቻ ተቀይሮ ይሄ ሁሉ ይታተምለታል። እኔም አድርጌዋለሁ። ለዓመታት አድርጌዋለሁ። እስከ አንድ ቀን ድረስ።

ያን ቀን አንዲት እናት ከልጃቸው ጋር መጡ። ልጁ ነው የሚያወራው። «ውክልና ነው፣ ሙሉውን አድርገው» አለኝ። ሙሉውን አደረግኩት። ሦስት ገጽ ወጣ። መስኮቱ ጋ የያዝኩት ወረፋ ስለነበረ እኔም አብሬያቸው ሄድኩ። እናትየው ማንበብና መጻፍ አይችሉም፣ በጣት ነው የሚፈርሙት። እንዲህ ላለ ሰው ሕጉ የተለየ ጥበቃ አለው፤ ማየት የተሳነው ወይም ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው ፊርማው ወይም የጣት አሻራው የሚያስገድደው በአዋዋይ ወይም በሥራው ላይ ባለ ዳኛ ወይም ሬጅስትራር ሲረጋገጥ ነው፣ አንቀጽ 1728።

ባለሙያዋ ወጣት ሴት ነች። ወረቀቱን አየች፣ እናትየውን አየች፣ ልጁን «አንተ ትንሽ ወደዚያ ቁምልኝ» አለችው። ልጁ ቅር አለው፣ ግን ሄደ።

«እማማ፣ ይሄ ወረቀት ምን እንደሚል ያውቃሉ?»

«አዎ ልጄ። ቤቱን እንዲያከራይልኝ ነው። እኔ ጉልበቴን ያመኛል፣ ተከራይ ጋ መመላለስ አቃተኝ።»

«ለመሸጥስ ተስማምተዋል?»

እናትየው ዝም አሉ። ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉት። «የቱን?» አሉ።

«ቤቱን። እዚህ ላይ ይሽጥ ይላል። በስጦታም ይስጥ ይላል።»

«ኧረ አይልም!»

ባለሙያዋ ወረቀቱን ወደ መስታወቱ አስጠግታ በእስኪርቢቶዋ ጫፍ ቃሉን አሳየቻቸው። ማንበብ እንደማይችሉ ታውቃለች። ግን አሳየቻቸው። እሳቸውም ጎንበስ ብለው ያቺን ቃል ለረጅም ጊዜ አዩዋት። ያን ጊዜ የኔ ፊት ነው የጋለው። ቃሏን የጻፍኳት እኔ ነኝ።

ልጁ ክፉ አስቦ ነበር ወይስ እሱም እንደኔ ፎርሙን ሳያነብ ነው ያመጣው? አላውቅም፣ አልጠየቅኩትም። ወረቀቱ ተመለሰ። ቢሮ ተመልሰን እንደ አዲስ ጻፍኩት፦ ቤቱን እንዲያከራይ፣ ኪራዩን እንዲቀበል፣ ግብር እንዲከፍል። አንድ ገጽ አልሞላም። ከመታተሙ በፊት ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ስጨርስ «አሁን እሺ» አሉ። ገንዘብም አልተቀበልኳቸውም።

ስለ ውክልና ሰው የማያውቃቸው ሌሎች ነገሮችም አሉ። አንዱ፣ ወካዩ ሲሞት ውክልናው አብሮት ይቀራል፤ የተለየ ስምምነት ከሌለ በቀር። አንቀጽ 2232። አባት ከሞተ በኋላ በአባት ውክልና የተሸጠ መኪና፣ የወጣ የባንክ ብር፣ ብዙ ወንድምና እህት ያለያየ ነገር ነው። «ውክልናው እኮ አልተሻረም» ይላሉ። መሻር አያስፈልገውም፤ ባለቤቱ ሲሞት ንብረቱ የወራሾች ነው፣ መንገዱም የወራሽነት ማረጋገጫ ነው።

ሌላው መሻር ነው። ወካይ በፈለገ ጊዜ መሻር ይችላል፣ ምክንያት ስጥ የሚለው የለም። ግን «ከዛሬ ጀምሮ አልወከልኩህም» ብሎ በስልክ መናገር ዋጋ የለውም። መሻሪያውም ራሱ የሚረጋገጥና የሚመዘገብ ሰነድ ነው። ተወካዩ እጅ ላይ ያለውን ወረቀት ማስመለስም ያስፈልጋል። ውክልናውን ያሳየህበት ባንክ ወይም መሥሪያ ቤት ካለ ደግሞ መሻርህን አሳውቀው፤ ለሦስተኛ ወገን ወክያለሁ ብሎ መሻሩን ሳያሳውቅ የቀረ ወካይ ከተወካዩ ጋር ተጠያቂ ሊሆን ይችላል። አንቀጽ 2195 ላይ አለ። ይህን ለሰው ስናገር «ሽሬዋለሁ፣ አበቃ» ይሉኛል። ወረቀቷ እኮ አሁንም በሰውየው ኪስ ውስጥ ነች።

ሦስተኛው፣ ተወካዩ የወካዩን ንብረት ለራሱ ቢሸጥ ወካዩ ውሉን ማስፈረስ ይችላል፣ አንቀጽ 2188። ይህን የማያውቅ ወካይ ብዙ ነው፤ «በገዛ ፊርማዬ ነው፣ ምን አደርጋለሁ» ብሎ ተቀምጧል።

ውጭ አገር ላላችሁ ደግሞ፦ የውክልናውን ፎቶ በቴሌግራም መላክ አይሠራም። ዋናው ወረቀት መምጣት አለበት። ኤምባሲያችን ወይም ቆንስላችን ጋ የተፈረመው ውክልና እዚህ ሲደርስ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያረጋግጠዋል፣ ከዚያ ሰነዶች ማረጋገጫ ይሄዳል። ያላችሁበት አገር ኖታሪ ጋ የፈረማችሁት ከሆነ መንገዱ ይረዝማል፣ በዚያ አገር ባለሥልጣንና በኤምባሲያችን በኩል አልፎ ነው የሚመጣው። እዚህ ወንድም ወይም እህት ቀጠሮ ይዞ ሲጠብቅ ወረቀቱ አንድ ማህተም ጎድሎት ሲመለስ በየሳምንቱ አያለሁ። ከመላካችሁ በፊት ማህተሞቹን ቁጠሩ።

ኩባንያ ለማቋቋም የሚጻፈው መመሥረቻ ጽሑፍና መተዳደሪያ ደንብም በዚሁ አዋጅ መረጋገጥ ካለባቸው ውስጥ ነው። እሱ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል፣ ዛሬ አልገባበትም።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ማህተሙ ተመታ ማለት ቤቱ ያንተ ሆነ ማለት አይደለም። የተረጋገጠ ሰነድ ትልቅ ጉልበት አለው፤ ይዘቱን ለመቃወም የፈለገ ሰው በቂ ምክንያት አቅርቦ ፍርድ ቤት እንዲፈቅድለት መጠየቅ አለበት። ይህ ግን ስለ ውሉ ነው። ባለቤትነቱ የሚተላለፈው ንብረቱ ባለበት ቦታ የማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ ላይ ስሙ ሲዞር ነው፣ አንቀጽ 1185። ውልና ማስረጃ ተፈራርሞ፣ ግብዣ ተገባብዞ፣ ስመ ሀብት ማዛወሩን «ቀስ ብዬ» ብሎ ዓመት የሚያሳድር ሰው አለ። በዚያ መሃል የሻጩ አበዳሪ መጥቶ አሁንም በሻጩ ስም ያለውን ቤት ቢያሳግድስ? ሻጩ ቢሞትስ? ውሉን የተፈራረማችሁበት ሳምንት ወደ መሬት አስተዳደር ሂዱ።

እና ወረፋ ላይ ቆማችሁ ያ ባለሙያ ሲጠይቃችሁ፣ «ፈቅደህ ነው? ይዘቱን ታውቀዋለህ?» ሲላችሁ፣ ቶሎ «አዎ አዎ» አትበሉት። እኔ ስንቴ ሰምቻታለሁ ያችን «አዎ አዎ»። ባለሙያውም ደክሞታል፣ ከኋላ መቶ ሰው አለ፣ እናንተ አዎ ካላችሁ ማህተሙን ያነሳል። «አንዴ ላንብበው» በሉ። ከኋላ ያለው ሰው ቢያጉረመርም ያጉረምርም።

እኔ ከእኒያ እናት በኋላ ፎርሙን ከኮምፒውተሬ አጥፍቼዋለሁ። እያንዳንዱን ውክልና ከባዶ እጽፋለሁ፣ ለምን እንደፈለገው ጠይቄ። ካተምኩ በኋላ ደግሞ ጮክ ብዬ አነባለሁ፣ ደንበኛው ቸኩያለሁ ቢልም። የሚናደድብኝ አለ። ጎረቤት ያለው ሰነድ ጸሐፊ በአምስት ደቂቃ ይጨርስልኛል ብሎ ተነስቶ የሄደም አለ።

ትናንት አንድ ወጣት መጣ። ወደ ውጭ ሊሄድ ነው፣ ሻንጣው ራሱ አጠገቡ ቆሟል። ለጓደኛው መኪናውን ሊያስረክብ ነው፣ እሱ እስኪመለስ እንዲያሽከረክርና ዓመታዊ ምርመራ እንዲያስደርግለት። «የመሸጥም ጨምርበት፣ ምናልባት ካስፈለገ» አለኝ። ጨመርኩ። ከዚያ ማንበብ ጀመርኩ። ስልኩን እየነካካ ነው የሚሰማኝ። «...ተሽከርካሪውን በፈለገው ዋጋ እንዲሸጥ፣ የሽያጩን ገንዘብ እንዲቀበል...» ላይ ስደርስ ስልኩን አስቀመጠ።

«ቆይ ቆይ» አለኝ። «እንደገና አንብበው።»

አነበብኩት።

«አውጣው» አለኝ። አወጣሁት።